የድሮ ፋንታሲ ሚኒየቸሮች፦ ከግዢ እስከ ቫርኒሽ ሳያበላሹ የማጽዳትና የመቀባት መመሪያ

ቀለሙ ሳምንት ሳይሞላው ይላጣል። ሰይፉ እጅ ላይ ይሰበራል። ፊቱ በቀለም ተደፍኖ አፍና አፍንጫው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ የብረት ሚኒየቸሮችን፣ ማለትም ትናንሽ የተዋጊና የተረት ፍጡር ምስሎችን፣ መቀባት የጀመረ ሰው ሁሉ የሚያማርረው በእነዚህ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን ብሩሽ አያያዛቸው ላይ ይጥሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ብሩሹ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የሚወስደው ዝግጅቱ ነው። አንድ ነገር ያዙ፦ ሊመለስ የሚችለውን ሥራ አስቀድሙ። መቁረጥን፣ መሞረድንና ማጠፍን የመሳሰለውን፣ አንዴ ከሆነ የማይመለሰውን፣ ወደ ኋላ አቆዩ።

ከሁሉ በፊት፦ እርሳስ ነው የያዛችሁት

የዚያ ዘመን ምስሎች አብዛኞቹ ከእርሳስ (ሊድ ከሚባለው መርዛማ ብረት) እና ከቆርቆሮ (ቲን) ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። አምራቾች እርሳስ ወደሌለበት ቅይጥ በብዛት የዞሩት በ1990ዎቹ ነው። የምስሉን ዕድሜ ካላወቃችሁ እርሳስ አለበት ብላችሁ ተነሱ። በእጅ መያዙ ብቻውን ትልቅ አደጋ የለውም። አደጋው ብናኙን መዋጥና መተንፈስ ነው።

- የምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ።
- ብሩሽ በምላስ ማሾልን እርሱት። ብዙ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል።
- በደረቁ ብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። ሞረዱንም ምስሉንም አርጥቡ።
- ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በመጥረጊያ ካነሳችሁት ብናኙ አየር ላይ ይወጣል።
- ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
- ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሥራው ቦታ ይራቁ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶውን መርምሩ

በአንድ ላይ የሚሸጥ ድብልቅ ጥቅል ለጀማሪ ያዋጣል። ጉዱም የሚደበቀው እዚያው ጥቅል ውስጥ ነው። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩን ይህን ጠይቁ፦

1. በቀን ብርሃን የተነሳ የፊት፣ የጀርባና የመቆሚያው ሥር ፎቶ ይላክላችሁ።
2. የጎደለ ነገር አለ? ቶሎ የሚጠፉት ጋሻ፣ የጦር ጫፍና ለብቻው የሚገጠም እጅ ናቸው።
3. የት ተቀምጦ ኖረ? "የእንጨት መሳቢያ ውስጥ" ካሏችሁ ስለ ነጭ ዱቄት አጥብቃችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከዋናው ምስል ሞልድ (የቀለጠ ብረት የሚፈስበት ቅርጽ) አውጥተው ኮፒ የሚሸጡም አሉ። ኮፒ ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና። የሰንሰለት ጥሩሩ ቀለበቶች ይደበዝዛሉ። ፊቱ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከሥሩ መኖር የነበረበት ጽሑፍ ይጠፋል ወይም ተሞርዶ ይገኛል። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዋናው ፋብሪካም መጥፎ ቅርጽ ይወጣ ነበር። ሁለት ሦስቱ ከተገጣጠሙ ግን ተዉት።

ደረጃ 2፦ ምንነቱን ለዩ፣ ከዚያ ወስኑ

ምስሉን ገልብጡ። የድሮዎቹ ከእግራቸው ጋር አብሮ የተቀለጠ የብረት መቆሚያ አላቸው፤ የአምራቹ ስም ወይም ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1978 የተመሠረተው ሲታዴል የተባለው አምራች ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ፕላስቲክ ቤዝ (ለብቻው የሚገጠም መቆሚያ) ዞረ። የእነዚህ ምስሎች እግር ሥር ቀጭን የብረት ልሳን አለ፤ ቤዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የምስሉ ስም ብዙውን ጊዜ ልሳኑ ላይ ተጽፏል። ዓመት ካለበት ንድፉ የተመዘገበበት ነው እንጂ ያ ምስል የተቀለጠበት ላይሆን ይችላል።

ልሳኑን አትቁረጡት። በሌላ ቤዝ ላይ ለማቆም ብላችሁ ከቆረጣችሁት መታወቂያውን ጣላችሁ ማለት ነው። ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ጽሑፍ ካጣችሁ ሎስት ሚኒስ ዊኪ የተባለው ድረ ገጽ ላይ በአምራች እየለያችሁ ፎቶ አወዳድሩ። ራል ፓርታና ግሬናዲየር የተባሉት አምራቾች ምስሎችም እዚያ አሉ።

አሁን ውሳኔ። ቀለም የተቀባ ምስል ከደረሳችሁ ወዲያው አታጥቡት። በዘመኑ በጥሩ እጅ የተቀባ ምስል እንዳለ ሊፈለግ ይችላል፤ አንዴ የተላጠ ቀለም ደግሞ አይመለስም። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አውርዱ። አድሩበት። ጠዋትም ካስጠላችሁ ልጡት።

ደረጃ 3፦ ነጭ ዱቄቱን ፈልጉ

ይህን ደረጃ ዘሎ የሚቀባ ሰው ከዓመታት በኋላ ቀለሙ ከሥር ተገፍቶ ሲያብጥ ያያል።

እርሳስ አሴቲክ አሲድ ያለበት አየር ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ካርቦኔት ይለወጣል። ነጭ፣ ብናኝ የሆነ፣ መርዛማ ነገር ነው። ያን አየር ከሚያመነጩት አንዱ እንጨት ነው፤ በተለይ ኦክ። አንዳንድ ካርቶንና ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም እንዲሁ ናቸው።

ምስሉን ብርሃን ሥር ያዙና ብብቱን፣ የካባውን እጥፋት፣ በእግሮቹ መሃል ያለውን ቦታ ተመልከቱ። ዱቄቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። በእርጥብ የጥርስ መጎርጎሪያ ነካ አድርጉት። ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ሽፋን) ከሆነ ጠንካራና እኩል የተዘረጋ ነው። መበስበስ ከሆነ ይፈረፈራል፤ ከሥሩም የተቦረቦረ ብረት ይመጣል። ደብዘዝ ያለ ግራጫ መልክ ግን ጤነኛ ነው። ያ ሽፋን ብረቱን ስለሚጠብቅለት ለማብራት ብላችሁ አትወልውሉት።

ዱቄት ካገኛችሁ፦

1. ምስሉን ከሌሎቹ ለዩ፣ ጓንት አድርጉ።
2. የሳሙና ውሃ ውስጥ እንደተነከረ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። በደረቁ በፍጹም አትፈትጉ።
3. የቀረውን ቅርፊት በመርፌ ጫፍ፣ እርጥብ እንደሆነ አንሱ።
4. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ሙሉ በሙሉ አድርቁ። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ያግዛል።
5. ደህና ከሆነ በቀናት ውስጥ ፕራይመር አልብሱት።

ኮምጣጤ ዝገት ያስለቅቃል የሚል ምክር ብትሰሙ አትሞክሩት። ኮምጣጤ ራሱ አሴቲክ አሲድ ነው።

ፊቱ ወይም እጁ በልቶ ካለቀስ? ከዚያ በኋላ ማዳን ሳይሆን አዲስ ፊት መቅረጽ ነው። ምስሉ ብርቅ ካልሆነ አትድከሙ።

ደረጃ 4፦ የድሮውን ቀለም መላጥ

ማጠቢያውን የሚወስነው ቁሳቁሱ ነው። መጀመሪያ ብረት ወይስ ፕላስቲክ የሚለውን አረጋግጡ። የብረት ሰውነት ላይ የፕላስቲክ ጋሻ የተለጠፈባቸው ብዙ ናቸው።

ለብረት ብቻ፦ አሴቶን። የድሮውን ኢናሜል ቀለም ጭምር ያነሳል፣ ሱፐር ግሉንም ያላቅቃል። ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ተጠቀሙ፤ የፕላስቲክ ስኒ ሊቀልጥ ይችላል። መስኮት ክፈቱ። እሳት፣ ሲጋራ፣ የበራ ምድጃ አጠገብ አይኑር፤ እንፋሎቱ ይቀጣጠላል። ቀጭን የላስቲክ ጓንት አሴቶን ቶሎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ በወረንጦ አውጡ። ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ለፕላስቲክ፦ አይሶፕሮፒል አልኮል። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፕላስቲኩ ካልለሰለሰና ካላጣበቀ ቀጥሉ። አሴቶን ፕላስቲክ ላይ ጠብ ካለ ግን ፊቱ ወዲያው ይሟሟል።

ዴቶል ለሁለቱም ይሠራል፣ አንድ ወጥመድ ግን አለው። ከዴቶል የወጣ ምስል ውሃ ከነካው የሟሟው ቀለም የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። ሁሉንም ፍተጋ በዴቶል ጨርሱ፣ በንጹሕ ዴቶል አለቅልቁ፣ ውሃና ሳሙና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝቃጭ ከሆነባችሁም መልሳችሁ ዴቶል ውስጥ ክተቱት፤ ይለቃል።

የፍሬን ዘይት የሚጠቀሙም አሉ። መርዛማ ነው፣ ከላይ ያሉት ደግሞ በቂ ናቸው። ለምን ትለፋላችሁ?

ሲለሰልስ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ ከእጥፋት ውስጥ ያለውን በጥርስ መጎርጎሪያ አውጡ። የብረት ሽቦ ብሩሽ ለስላሳውን እርሳስ ይጭረዋልና ይቅርባችሁ። አንድ ጥግ ላይ እልህ የያዘ ቀለም ካለ ምስሉን መልሳችሁ ክተቱት እንጂ አትጎርጉሩት። በስንጥቆች ውስጥ የቀረ ጭላንጭል ቀለም፣ ሽፋኑ ስስ ከሆነ፣ ምንም አያደርግም።

ዝቃጩን መታጠቢያ ውስጥ አትድፉት። በታሸገ ዕቃ አጠራቅሙና እንደ አደገኛ ቆሻሻ አስወግዱት።

ደረጃ 5፦ የታጠፈውን ማቅናት፣ የተሰበረውን መግጠም

የታጠፈ ሰይፍ ያያችሁ እንደሆነ ቶሎ ላቅናው አትበሉ። ይህ ብረት ወዲያና ወዲህ ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ ይሰበራል። ያላችሁ አንድ ዕድል ነው ብላችሁ ያዙት።

1. ምስሉን ለጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩ። ላይተር አትጠቀሙ፤ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል።
2. የሰይፉን ሥር፣ እጁን በነካበት ቦታ፣ በአንድ እጅ ጣቶች አጥብቃችሁ ያዙ። የሚሰበረው እዚያ ነው።
3. በሌላው እጅ አውራ ጣት ከሥር ወደ ጫፍ እየገፋችሁ ቀስ በቀስ አቅኑ።
4. ፒንሳ ካስፈለገ ጥርስ የሌለውን፣ አፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ።
5. ዘጠና በመቶ ከቀና ተዉት። ብዙ ሰይፍ የሚሰበረው የቀረችውን አሥር በመቶ ለማስተካከል ሲባል ነው።

ስታጥፉት ስስ የመንቋቋት ድምፅ ከሰማችሁ ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ ነው። ከእርሳሱ ይጠነክራል፣ ቶሎም ይሰበራል። ቀስ በሉ።

ከተሰበረ ሱፐር ግሉ ብቻውን አይዘልቅም፤ ሚስማር ይፈልጋል። በእጅ በሚሽከረከር ትንሽ መሰርሰሪያ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሁለቱም በኩል ብሱ። ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ አንዱን ብሱና በጠርዙ ላይ ጠብታ ቀለም አድርጉ፣ ሌላውን ክፍል ጫኑበት፤ ቀለሙ ያረፈበትን ብሱ። ናስ ሽቦ ወይም የተቃና አግራፍ ቆርጣችሁ አስገቡ፣ በሱፐር ግሉ ዝጉ። ሰይፉ ለመበሳት በጣም ከቀጠነ ከናስ ሽቦ አዲስ የጦር ዘንግ ማበጀት ይቀላል።

ደረጃ 6፦ የሞልድ መስመርና ክፍተት

ሞልዱ ሁለት ግማሽ ነበር፤ መገናኛው ምስሉን ዙሪያውን ቀጭን መስመር ትቶበታል። ሳይቀባ አይታይም። ከተቀባ በኋላ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። በካተር ጀርባ በቀስታ ፋቁ፣ ከዚያ በእርጥብ ቀጭን ሞረድ አለስልሱ። ፊት ላይ፣ ጸጉርና ጥሩር ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፤ መስመሩን አጠፋለሁ ብሎ አፍንጫ መሞረድ ያለ ነው።

ለክፍተት ግሪን ስታፍ (ሁለት ክፍል ተለውሶ የሚጠነክር ሊጥ) ተጠቀሙ። ሰማያዊና ቢጫውን እኩል ለውሱ፣ አንድ ወጥ አረንጓዴ እስኪሆን። ጣታችሁንና መሣሪያውን ውሃ አስነኩ፤ አለዚያ ይጣበቅባችኋል። ለመቅረጽ አንድ ሰዓት ገደማ አላችሁ። ሌሊቱን ይደር።

ደረጃ 7፦ ማጠብና ፕራይመር

የጣት ቅባት ቀለም እንዲላጥ ያደርጋል። ምስሉን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ የጠርሙስ ክዳን ላይ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ ምስሉን ሳይሆን ክዳኑን ያዙ።

አክሪሊክ ቀለም በባዶ ብረት ላይ አይዝም። ፕራይመር ግድ ነው።

1. የሚረጨውን ፕራይመር ጣሳ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነቅንቁ።
2. ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ።
3. መርጨቱን ከምስሉ ውጪ ጀምሩ፣ አሻግራችሁ እለፉ፣ ከምስሉ ውጪ አቁሙ። ላዩ ላይ ቆማችሁ አትርጩ።
4. ስስ ሽፋን፣ ጥቂት ደቂቃ ዕረፍት፣ ምስሉን አዙሮ ሌላ ስስ ሽፋን። በእጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ብረት ቢታይ በብሩሽ ይደፈናል።

የዘመኑን ደማቅ መልክ ከፈለጋችሁ ነጭ። ሰንሰለትና ብረት የበዛበት ከሆነ ጥቁር። ግራ ከገባችሁ ግራጫ።

*ላዩ አሸዋ አሸዋ ካለ፦* በጣም ርቃችሁ ወይም በጣም ሞቃትና ደረቅ ቦታ ረጭታችኋል፤ ቀለሙ በአየር ላይ ደርቆ ነው የደረሰው። *ነጭ ጉም ከለበሰ፦* አየሩ እርጥብ ነበር። *ዝርዝሩ ከተደፈነ፦* በዝቷል። በሁለት ሽፋን ቀለም ይሸፈናል ብላችሁ አትለፉት። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ያበሳጫል፣ ግን የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው።

ደረጃ 8፦ መቀባት

የድሮዎቹ ምስሎች በብዛት 25 ሚሊ ሜትር ልክ ናቸው፤ ከዛሬዎቹ ያንሳሉ። ስለዚህ ወፍራም ቀለም አይችሉም። ቀለሙን በውሃ አቅጥኑ፣ ወተት እስኪመስል። እርጥብ ስፖንጅ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ ቀለሙን እዚያ ብታስቀምጡት ቶሎ አይደርቅም። አንድ ወፍራም ሽፋን ከመቀባት ሁለት ስስ ይሻላል። የመጀመሪያው ሽፋን ዥንጉርጉር ሆኖ ሲታይ አትደንግጡ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ብሩሽ፦ ቁጥር 1፣ ጫፉ የሾለ። ከጥቃቅን ብሩሽ ይልቅ ሹል ጫፍ ያለው ደህና ብሩሽ ይበልጣል፤ ትንሹ ላይ ቀለሙ ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል።

ቅደም ተከተሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ ዐይን፣ ቆዳ፣ ልብስ፣ ቆዳ ቀበቶና ጫማ፣ መጨረሻ ላይ ብረታ ብረት። ዐይን ለምን ቀደመ? ስትስቱ የፊቱ ቀለም ይሸፍንላችኋል።

1. የዐይኑን ጎድጓድ በጥቁር ቡናማ ሙሉ።
2. መሃሉ ላይ ክሬም ቀለም አግድም ሰረዝ አድርጉ። ንጹሕ ነጭ ያፈጣል።
3. ብሌኑን ከላይ ወደ ታች በአንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ አቋርጡ። ነጥብ ካደረጋችሁ የደነገጠ ይመስላል።
4. የቆዳውን ቀለም ከጉንጭና ከቅንድብ ወደ ዐይኑ እየገፋችሁ የተረፈውን ሸፍኑ። ቀጭን ቡናማ ጠርዝ ይቅር።

ዐይኑ ከተንሸዋረረ እዚያው በእርጥቡ አታስተካክሉ። ይድረቅ፣ ቡናማውን መልሱ፣ እንደገና ጀምሩ። ዐይኑ በጣም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ቡናማ ጥላ ብቻ ተዉለት። ከጠረጴዛ ማዶ ልዩነቱን የሚያይ የለም።

ለጥላ ዋሽ (በጣም የቀጠነ፣ ጠቆር ያለ ቀለም) ተጠቀሙ። ምስሉን እንዳለ አትንከሩት፤ ወደ ስንጥቁ አስገቡና የተጠራቀመውን ጠብታ በደረቀ ብሩሽ ሳቡ። ካልሳባችሁት ጠርዙ ላይ ቀለበት ይሠራል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የመጀመሪያውን ቀለም በጉብታዎቹ ላይ መልሱ፣ ከዚያ በጥቂቱ አንጥታችሁ ጫፎቹን ብቻ ንኩ።

ቀራጩንም እዩ። የኬቭ አዳምስ ጎብሊኖች ፊታቸው ትልቅ፣ ጥርሳቸው የገጠጠ ነው፤ ዋሽ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። የራል ፓርታው የቶም ማየር ኤልፎች ደግሞ ቀጫጭንና ስስ ናቸው። እነሱ ላይ አንድ የበዛ ሽፋን ሁሉን ያጠፋል፤ ቀለሙን ከወትሮው የበለጠ አቅጥኑ።

ቢጫና ቀይ ያስቸግራሉ። ቢጫን በጥቁር ላይ አትቀቡ፤ መጀመሪያ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቡናማ አንጥፉ። ቀይን ስታነጡ ነጭ ከጨመራችሁ ሮዝ ይሆናል፤ ብርቱካናማ ጨምሩ።

ቤዙ ቀላል ነው። ሙጫ፣ አሸዋ፣ ቀለም፣ ጠርዙን ንጹሕ። የ1980ዎቹን መልክ የሚወድ ጠርዙን ደማቅ አረንጓዴ ይቀባል። እኔም እወደዋለሁ፤ ቡናማ ጠርዝ ለነዚህ ምስሎች ይጨልምባቸዋል።

ደረጃ 9፦ ቫርኒሽና ማስቀመጫ

አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። እርሳስ ስለሚታጠፍ ቀለሙ ጦርና ሰይፍ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ቫርኒሽ፣ ሲደርቅ በላዩ የማያብረቀርቀውን። አዲስ የቫርኒሽ ጣሳ ስትከፍቱ በምትወዱት ምስል አትጀምሩ። በማታዝኑበት ላይ ሞክሩ።

በእርጥብ አየር ከረጫችሁ ምስሉ ነጭ ጉም ሊለብስ ይችላል። አትላጡት። የሚያብረቀርቀውን ቫርኒሽ በብሩሽ ደግማችሁ ቀቡ፤ ብዙ ጊዜ ጉሙ ይጠፋል። ሲደርቅ የማያብረቀርቀውን፣ አሁንም በብሩሽ፣ ድገሙ።

የምታስቀምጡት በብረት ወይም በብርጭቆ መደርደሪያ፣ አለዚያም በደህና የፕላስቲክ ሳጥን ይሁን። ለመጓጓዝ ከቤዙ ሥር ማግኔት ለጥፉና በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አቁሟቸው፤ በስፖንጅ መሃል የተጠቀጠቀ ምስል ጦሩ መታጠፉ አይቀርም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብብታቸውንና የካባቸውን እጥፋት በብርሃን እዩ። ነጭ ነገር ካያችሁ ያንን ምስል የዚያኑ ቀን ለዩት፣ ወደ ደረጃ 3 መልሱት።